የመሥሪያ ቤት ዓመታዊ የጽዳት ቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከአዲሱ ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤታቸው አጠቃላይ የጽዳት ቀን እንዲያዘጋጁ ኃላፊነት ለተሰጣቸው የጠቅላላ አገልግሎት፣ የሰው ሀብት እና የንብረት ክፍል ባልደረቦች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ የሚነሡ ናቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ ስለ መጥረጊያና ስለ በረኪና ቢመስሉም፣ አብዛኞቹ ዞረው የሚመጡት ወደ አንድ ጉዳይ ነው፦ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው ነገር እንዲወጣ የሚወስነውና የሚፈርመው ማን ነው? ይህ አስቀድሞ ካልተፈታ የጽዳቱ ቀን ዕቃ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር የሚዋልበት ቀን ሆኖ ያልፋል።

የጽዳት ቀኑ መቼ ቢሆን ይመረጣል?

ለአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የሚስማማው ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ከመዝጊያው ጋር ተያይዞ የሚካሄደው የንብረት ቆጠራም በነሐሴ ተጠናቆ፣ የትኛው ዕቃ በአገልግሎት ላይ እንዳለና የትኛው ከጥቅም ውጪ እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በእጅ ይገባል። ቆጠራው ሳያልቅ ጽዳት ማካሄድ የንብረት ክፍሉን ሥራ ማበላሸት ነው፤ ቆጣሪዎቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመዘገቡት ወንበር በማግሥቱ ምድር ቤት ይገኛል፣ ከዚያም ለሚቀጥሉት ወራት የማስረዳት ደብዳቤ ሲጻጻፉ መኖር ነው።

ሐምሌን የማይመከር የሚያደርገው ሌላው ምክንያት ዝናቡ ነው። መጋረጃና ምንጣፍ ታጥቦ አይደርቅም፤ የተወለወለ ወለልም ጭቃ የያዘ ጫማ ሲረግጠው ግማሽ ቀን አይቆይም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ፍልሰታ ስለሆነ ብዙ ሠራተኞች ይጾማሉ፤ ሳይበሉ ካቢኔት እንዲገፉ መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ጳጉሜን ቢመረጥም የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት መተው አለባቸው፤ የበዓል ዋዜማ ላይ የሰው ልብ ገበያ ነው። ጳጉሜን አብዛኛውን ጊዜ 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ስላላት (2019 ዓ.ም. ባለ 6 ቀን ነው) የቀን መቁጠሪያውን አይቶ መወሰን ይጠቅማል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጳጉሜን ቀናት በየራሳቸው ስያሜ ስለሚከበሩ፣ ሠራተኛው ለሌላ ዝግጅት እንዳይጠራ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ጋር መነጋገርም ያስፈልጋል። ምርጫው ለእኛ ቢተው የነሐሴን የመጨረሻ ሳምንት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ እንመርጣለን። ሰኞ ባለጉዳይ ይበዛል፤ ዓርብ ደግሞ የጁምዓ ሰላት ስላለ የምሳ ሰዓቱ ረዘም ይላል።

በሥራ ቀን ይሁን ወይስ ቅዳሜና እሑድ? ሠራተኛው የመገኘት ግዴታ አለበት?

በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ቢሆን ይሻላል። ጽዳቱ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ እስከሆነ ድረስ ጊዜውም የመሥሪያ ቤቱ መሆን አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ ድርጅቶች መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራም የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ2 ተባዝቶ ይከፈላል። ከዚህም በላይ ሕጉ የትርፍ ሰዓት ሥራን የሚፈቅደው እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ባሉ ውስን ምክንያቶች ነው፤ መደርደሪያ መጥረግ ከእነዚህ አንዱ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ቅዳሜን እንደ ሰንበት የሚያከብሩ ሠራተኞች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱም አሉ፤ እነዚህን በየተራ ፈቃድ እያስጠየቁ የኅብረት ቀን ማለት አይመጣጠንም።

በሥራ ሰዓት የሚካሄድ ከሆነ መገኘት ግዴታ ነው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ግን እንደየሰው ጤናና አቅም ይለያያል፤ ወደዚህ ጉዳይ ከታች እንመለሳለን።

ባለጉዳይ በዚያ ቀን ምን ይሆናል?

አገልግሎት ሙሉ በሙሉ መቋረጥ የለበትም። ፊት ለፊት አገልግሎት የሚሰጡ መስኮቶች በተረኛ ሠራተኞች ክፍት ሆነው ይቆዩ፤ የእነርሱ ጠረጴዛና መደርደሪያ በዋዜማው ከ10 ሰዓት በኋላ ይጸዳል። መዝገብ ቤቱ ፋይል ሊያወጣ የማይችልባቸው ሰዓቶች ካሉ ማስታወቂያው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት በበሩና በግቢው መግቢያ ላይ ይለጠፍ። ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተጉዞ የመጣ ሰው «ዛሬ ጽዳት ነው» ተብሎ ቢመለስ የታጠበው መስኮት ለእርሱ ምንም ትርጉም የለውም።

ዝግጅቱ ስንት ጊዜ ይወስዳል? ከማን ይጀመር?

ሁለት ሳምንት ይበቃል። የመጀመሪያው እርምጃ በየክፍሉ አንድ ተጠሪ ማስወከል ነው፤ ይህ ሰው በክፍሉ የቆየና ሰው የሚያከብረው ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም «ይህ ክላሰር የማን ነው?» ሲባል መልስ የሚኖረው እርሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተጠሪዎቹ በየክፍላቸው እየዞሩ ዕቃውን በሦስት ይለያሉ፦ የሚቆይ፣ ወደ ግምጃ ቤት ወይም ወደ መዝገብ ቤት የሚመለስ፣ የሚወገድ። ለእያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ያለው ወረቀት መለጠፍ በቂ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የንብረት፣ የፋይናንስና የመዝገብ ቤት ኃላፊዎች የተለጠፈባቸውን ዕቃዎች በአካል አይተው ይፈርማሉ።

ሦስቱ ኃላፊዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ላይ ቢዞሩ ጥሩ ነው። ለየብቻ ሲዞሩ አንዱ የፈረመበትን ሌላው ያነሣዋል፤ ወረቀቱም በደብዳቤ መልክ በየቢሮው ሲዞር የጽዳቱ ቀን ይደርሳል። ዋና ኃላፊው በውስጥ ማስታወሻ የዙሩን ቀንና የፈራሚዎቹን የሥራ መደብ ለይተው ካሳወቁ፣ ከዝግጅቱ ግማሹ ተጠናቀቀ ማለት ይቻላል።

የተሰበሩ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች በኮሪደር ላይ ተከምረዋል። በዕለቱ አውጥተን መጣል እንችላለን?

በጣም የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም በመንግሥት መሥሪያ ቤት «አይቻልም» ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበርም ቢሆን በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 20 ቅጽ ተጠይቆ፣ በሞዴል 22 ቅጽ ለአንድ ሠራተኛ ወጪ የተደረገ ንብረት ነው። ወንበሩ ቢጣል ዕዳው በዚያ ሠራተኛ ስም ይቀራል፤ ሰውየው መልቀቂያ ሲጠይቅ ወይም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲዛወር ክሊራንሱ (ከንብረት ዕዳ ነጻ መሆኑ የሚረጋገጥበት ቅጽ) ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የተበላሸ ዕቃ እንዲነሣለት አይፈልግም፤ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ቢያደናቅፈውም ከዓይኑ እንዲርቅ አይወድም። ከውጭ ለሚያይ ግትርነት ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ዕቃው ከተጠቃሚው ላይ ተነሥቶ ለግምጃ ቤት በሰነድ ተመላሽ እንዲሆን፣ ተመላሽ ያደረገው ሠራተኛም ቅጂውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ንብረት የማስወገድ ሥልጣን ያለው ኮሚቴ በዓይነት ለይቶ፣ በቃለ ጉባኤ አስደግፎ፣ በሐራጅ እንዲሸጥ፣ በስጦታ እንዲተላለፍ ወይም እንዲቃጠል የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ይህ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የጽዳቱ ቀን ዓላማ ዕቃውን ከኮሪደር አንሥቶ፣ ተመዝግቦና ተደርድሮ፣ የኮሚቴውን ውሳኔ በሚጠብቅበት በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቦታው ጣሪያ ያለው ይሁን፤ በዝናብ የበሰበሰ ጠረጴዛ በሐራጅ ዋጋ አያወጣም።

በግል ድርጅቶች ነገሩ ይቀላል፤ ነገር ግን እዚያም ዕቃው በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ ካለ የሂሳብ ክፍሉ ሳያውቀው መውጣት የለበትም። በሁለቱም ዘንድ ጥበቃዎቹ የዕቃ መውጫ ፈቃድ ሳያዩ አያሳልፉም፤ አለማሳለፋቸውም ሥራቸውን መሥራታቸው ነው። ፈቃዱ በዋዜማው ተፈርሞ ለፈረቃ ተረኛው ይድረሰው። መኪና ተጭኖ በር ላይ ቆሞ ፈራሚ ሲፈለግ ማየት በጽዳት ቀን የተለመደ ትዕይንት ነው።

አሮጌ ወረቀትስ? ለቆራሌው መሸጥ ይቻላል?

ሳይለይ መሸጥ አይቻልም። ከሱቅ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ገዝቶ መጠቅለያውን ፈትቶ ያነበበ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፦ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የፈተና ወረቀት፣ የሰው ስምና ስልክ ያለበት ማመልከቻ፣ አንዳንዴም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በመጠቅለያነት ይገኛል። ማኅተምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ለአስመሳይ ሰነድ መነሻ ሊሆን ስለሚችል ጉዳቱ ከማሳፈር ያልፋል።

ወረቀቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል መለየት ይመከራል። መጀመሪያ የሂሳብና የግብር ሰነዶች ይነሡ። በፌደራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር ከፋይ ሰነዶቹን የግብር ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 5 ዓመት፣ የንግድ ሕጉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ የሚጠይቅ ከሆነም ለዚያ ጊዜ ያህል መያዝ አለበት። ያልተዘጋ ኦዲት ወይም በፍርድ ቤት ያለ ክርክር ካለ ደግሞ ዓመቱ ቢሞላም ሰነዱ አይነካም። ቀጥሎ የሠራተኞች የግል ማኅደሮች ይነሡ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ የአገልግሎት ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል እነዚህ በጽዳት ቀን የሚወሰንባቸው አይደሉም። ሦስተኛው ታሪካዊ ጥቅም ሊኖረው የሚችል ነገር ነው። የቆዩ ቃለ ጉባኤዎች፣ የሕንፃ ንድፎች፣ ፎቶግራፎች፣ ከቀድሞ መንግሥታት የቀሩ ደብዳቤዎች በምድር ቤት ካርቶን ውስጥ መገኘታቸው እንግዳ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ሥራ ይህን ዓይነቱን ሰነድ መሰብሰብና መጠበቅ ስለሆነ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከማስወገዱ በፊት ሊያማክረው ይገባል። የግል ድርጅትም ቢሆን ከመጣሉ በፊት ቢያሳይ አይጎዳም።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ብዙ ነው፦ የሥልጠና ጽሑፎች ትርፍ ኮፒ፣ ያለፈባቸው ማስታወቂያዎች፣ ረቂቆች፣ የጋዜጣ ክምር። ስምና ቁጥር ያለበት በወረቀት መቁረጫ ማሽን ይቆረጥ፤ የማሽኑ ሞተር ቶሎ ስለሚሞቅ በአንድ ቀን ሊጨርሰው እንደማይችል አውቆ ከሳምንት በፊት መጀመር ያስፈልጋል። አንድ ጎኑ ባዶ የሆነና ምሥጢር የሌለበት ወረቀት ለረቂቅ መጻፊያ ይቀመጥ። የተቀረውንና የተቆረጠውን ወረቀት መልሰው ለሚጠቀሙ ፋብሪካዎች የሚያቀርቡ ሰብሳቢዎች ይገዙታል። ገንዘቡ በደረሰኝ ገቢ ይሁን፤ «ለቡና ይሁን» ተብሎ በእጅ የሚቀር ገንዘብ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ወሬው ከገንዘቡ ይበልጣል።

ኮምፒውተሮችና ሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እንዴት ይጸዳሉ?

ጠፍተው፣ ሶኬታቸው ተነቅሎ። መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረውን ጉዳት ሁሉም ስለሚያውቀው ይህን ማስረዳት አያሻም፤ ይልቅ የሚረሳው ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ነው፤ ከግድግዳው ቢነቀልም ባትሪው ኃይል ስለሚይዝ ራሱ መጥፋት አለበት። ስክሪን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ በረኪናም ኦሞም አይነካው። የፈሰሰ የቶነር (የማተሚያ ማሽን ቀለም) ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይነሣ፤ ሙቅ ውሃ ልብስ ላይ ያጣብቀዋል፣ ተራ መጥረጊያ ደግሞ ወደ አየር ይበትነዋል።

የሚወገዱ ኮምፒውተሮች ሀርድ ዲስክ በአይቲ ባለሙያ ሳይጠፋ ወይም ሳይወጣ ከግቢ አይውጣ። የዩፒኤስ ባትሪ እርሳስና አሲድ፣ የፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ ስላላቸው ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይቀላቀሉም፤ አምፖሉ ሳይሰበር በመጣበት ካርቶን ይቀመጥ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን አያያዝ የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2010 ዓ.ም. ስለወጣ፣ ይህን ሥራ ለማከናወን ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር መዋዋል ያስፈልጋል።

ምን ምን የጽዳት ዕቃ ይገዛ?

ዝርዝሩ አጭር ነው፦ መጥረጊያ፣ መወልወያ፣ ባልዲ፣ ኦሞ፣ ላርጎ፣ በረኪና፣ የመስታወት ማጽጃ፣ የእጅ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ብዙ አሮጌ ጨርቅ። ጨርቁ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ሠራተኛው ከቤቱ አሮጌ ቲሸርት ይዞ እንዲመጣ መንገር ወጪ ይቀንሳል። ለቆሻሻ መያዣ ማዳበሪያ ይሻላል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ስለከለከለ ፌስታል ማሰራጨቱ አያዋጣም።

ዋናው ጉዳይ ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት አካባቢ ቀኑ ከፈረቃው ጋር ተገናዝቦ ይመረጥ፤ ካልሆነም ሮቶው በዋዜማው ይሞላ። ሮቶውን ራሱን ማጠብ ካስፈለገ ለብቻው ሌላ ቀን ይያዝለት፤ በጽዳቱ ቀን ባዶ ሮቶ ይዞ መገኘት አሳዛኝ ነው።

በረኪናን በተመለከተ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ከምንም ሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል። በተለይ አሲድ ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ፣ አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። «ሁለቱን ብቀላቅለው ይበረታል» የሚለው ሐሳብ በጠባብና መስኮት በሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሰው ሊጥል ይችላል። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከተሰማ ወዲያው ወጥቶ በሩን ከፍቶ መራቅ እንጂ ውሃ ልጨምርበት ማለት አያስፈልግም። በረኪና የሚበጠበጠው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በለስላሳ መጠጥ ወይም በውሃ ጠርሙስ ውስጥም ፈጽሞ አይቀመጥ፤ የጠማው ሰው አንሥቶ ይጠጣዋል።

ምድር ቤትና መጋዘን ውስጥ የአይጥ ኩስ ሲገኝ በደረቁ መጥረግ አደገኛ ነው፤ አቧራው በትንፋሽ ስለሚገባ በሽታ ያስተላልፋል። መጀመሪያ በሮችና መስኮቶች ይከፈቱ፤ ከዚያ በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ የተዘጋጀ ፈሳሽ ተረጭቶበት ለ5 ደቂቃ ያህል ይቆይና፣ በጓንት፣ በጨርቅ ይነሣ።

የማይሳተፉ ወይም ቀላል ሥራ ብቻ የሚሠሩ እነማን ናቸው?

ነፍሰ ጡሮች፣ የወገብ ሕመም ያለባቸው፣ አስም ወይም ሳይነስ ያለባቸው ሠራተኞች ከክብደትና ከአቧራ ይራቁ። ምክንያታቸውን በሰው ፊት እንዲያስረዱ አይጠየቁ፤ ለተጠሪው ለብቻው መንገር ይበቃል። ለእነርሱ የሚሆን ሥራ አይጠፋም፦ የፋይል ዝርዝር መጻፍ፣ ወረቀት መለየት፣ የሚወጣውን ዕቃ መመዝገብ። ማንም ሰው በሚሽከረከር ወንበር ላይ አይቁም። ፎቅ ላይ ያሉ መስኮቶች ከውጭ በኩል በሙያተኛ ብቻ ይጸዱ።

የጽዳት ሠራተኞቻችን በዚህ ቀን ሚናቸው ምንድን ነው?

አለቃ ይሁኑ። የትኛው ወለል በምን እንደሚታጠብ፣ የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ክፍል ሰው ምሳውን ከመሳቢያ ውስጥ እንደሚረሳ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ጠዋት ላይ አቧራውን አስነሥቶ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ይበተናል፤ ማታ ግን ሦስት ሴቶች ቀርተው ሁሉንም ያነሣሉ። ይህ የጽዳት ቀን ሳይሆን ለእነርሱ የተጨመረ የሥራ ቀን ነው። ቀኑ ሲታቀድ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ለመልሶ ማስተካከል ይመደብ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቆሻሻ ራሱ ወደ ማጠራቀሚያው ያድርስ፤ የጽዳት ሠራተኞቹም ከሌላው ጋር በአንድ ሰዓት ይውጡ።

የተሰበሰበው ቆሻሻ በማን ይነሣል?

በአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ በማኅበር በተደራጁ ሰብሳቢዎች ይነሣል፤ የጽዳቱ ቀን መጠን ከወትሮው በብዙ ስለሚበልጥ በዋዜማው ሳይሆን ከሳምንት በፊት ለማኅበሩና ለወረዳው የጽዳት አስተዳደር ማሳወቅ ያስፈልጋል። ወረቀት፣ ፕላስቲክና ብረት ተለይቶ ቢቀርብ ደስ ይላቸዋል፤ ከሽያጩ ስለሚጠቀሙ። በግቢ ማቃጠል አይፈቀድ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ያስታወሰ ሰው፣ ሳይለይ ወደ መኪናው የሚወረውረው ማዳበሪያ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ለማሰብ አይቸገርም።

ምሳና ቡናስ?

ምሳ መሥሪያ ቤቱ ቢያቀርብ ይበረታታል። የጾምም የፍስክም ይዘጋጅ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾሙ ይብዛ፤ ሥጋ ካለ የሙስሊም ሠራተኞች ለብቻው ይቅረብ። ቡናው ከጠዋቱ 4፡30 አካባቢ ቢፈላ ሥራው ሳይቀዘቅዝ ያርፋሉ። ቄጠማ ግን ወለሉ ሳይደርቅ አይጎዝጎዝ፤ አንዳንድ ፓርኬት ላይ አረንጓዴ ምልክት ትቶ የሚቀር መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል።

«ዕቃዬ ጠፋ» የሚል ሠራተኛ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

የግል ዕቃ ሁሉ ከጽዳቱ ቀን በፊት ባለው ምሽት በባለቤቱ እንዲነሣ በማስታወቂያ ይገለጽ። በዕለቱ ባለቤት የሌለው ስኒ፣ ጃንጥላ፣ ጫማ፣ ቻርጀር በአንድ ካርቶን ተሰብስቦ ጥበቃ ክፍል እስከ መስከረም 15 ይቀመጥ። ፈቃድ ላይ ያለ ሰው መሳቢያ አይከፈት፤ መቆለፊያ አይሰበር። የጠረጴዛ ላይ የጸሎት መጽሐፍና የቅዱሳን ሥዕል፣ መስገጃ ወይም ቁርኣን ባለቤቱ ብቻ ያንሣው።

በዕለቱ ሳያልቅ የቀረው ነገር እንዴት ይያዛል?

ሁልጊዜ የሚቀር ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜም ማንም የእኔ ነው ያላለው ነው። ተጠሪዎቹ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ተሰብስበው ያልተወሰነበትን ዕቃ ዝርዝር፣ ያለበትን ቦታና ውሳኔ የሚሰጥበትን የሥራ መደብ በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈርሙ። ቅጂው ለንብረት ክፍል፣ ለመዝገብ ቤትና ለዋና ኃላፊው ይድረስ። ቀጠሮው ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ሳምንት ይሁን፤ ሦስቱ ኃላፊዎች ዝርዝሩን ይዘው እንደገና አንድ ላይ ይዙሩ፣ የተወሰነበትን እያንዳንዱን ዕቃም ከገጹ ላይ እየሰረዙ ይፈርሙበት።